ባዶውን ማን ሞላው?

ብሬት ኦልሰን ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ሕንጻ ሥር በረዶ ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ከበላዩ ያለው የአራተኛ ፎቅ መስኮት ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር። በካናዳዋ ዊኒፔግ በጥር ብርድ መስኮት የሚከፍት ጤነኛ የለምና ፖሊሶቹ ሁሉ «ከጣራ ነው የወደቀው» አሉ። ጣራው ላይ ሲጋራ ልታጨስ የምትወጣው ደግሞ የጥናት ጓደኛው ኬንድራ ፍሪሰን ብቻ ናት። ከሟቹ ጋር የዚያኑ ዕለት ሲጨቃጨቁ ሕንጻው በሙሉ ሰምቷል።

«አለቃ፣ ምን እንጠብቃለን? ካቴናውን እናጥልቅላትና እንሂድ» አለ የኢንስፔክተሯ ረዳት።

ኢንስፔክተር ማርጎ ቡሻር እረፍት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ደግሞ የአራተኛ ፎቁ መስኮት ጋ ትሄዳለች። እዚያ የተቀመጠው ተክል በመስታወቱ በኩል ቅጠሉ ጠቁሯል፤ በክፍሉ በኩል ግን ለምለም ነው። ውርጭ መትቶታል።

ሦስቱ ተማሪዎች፣ ብሬት፣ ኬንድራና ኮርቢን ዌልስ፣ ለመመረቂያቸው በየክፍሉ ሙቀት መለኪያ ሰቅለው የሕንጻውን የማሞቂያ ወጪ ይተነብዩ ነበር። የዚህ ክፍል መለኪያ ያን ምሽት ቅንጣት ብርድ አላሳየም። ሌላ ቀን ከፍ ዝቅ የሚለው መስመር የዚያን ምሽት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«በምን ተጣላችሁ?» ስትል ኬንድራን ጠየቀቻት።

«መለኪያ ሲበላሽ የሚጎድለውን ቁጥር ብሬትና ኮርቢን በአማካይ ይሞሉታል። እኔ የማናውቀው ባዶ ይቅር እላለሁ። ደደብ አልኩት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የመጨረሻ ቃሌ እሷ ናት።»

ማርጎ ሦስት ሰዎች ሰበሰበች፦ ኬንድራን፣ ኮርቢንንና አማካሪያቸውን ዶክተር ሃርግሬቭን። አንዱ ቁጥር የጎደለበት የሙቀት መዝገብ አደለቻቸው።

«ጨርሱልኝ።»

«መለኪያው ለምን ቆመ?» አሉ ዶክተሩ። ኬንድራ ወረቀቱን እንዳለ መለሰችው። ኮርቢን ግን ሳቀና ጻፈ። «ወይ ጉድ! አማካዩ ነዋ፤ ይሄማ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።»

«እውነትህን ነው» አለች ማርጎ። « ተክሉን ውርጭ መትቶታል፤ ስለዚህ መስኮቱ ተከፍቷል። መዝገቡ አልተከፈተም ይላል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብርዱን ሰርዞ አማካዩን ሞልቶበታል። የመዝገቡ የይለፍ ቃል ያላችሁ ተማሪዎቹ ናችሁ፤ ዶክተር የላቸውም።»

«ኬንድራም ልትሞላው ትችላለች! ለመደበቅ ብላ» አለ ኮርቢን።

«የመስኮቱ መከፈት ሲደበቅ ጥርጣሬው ጣራው ላይ ወደቀ። ጣራው የማን ነው? የእሷ። ሰው በገዛ እጁ ራሱን ያስራል?»

ኮርቢን ከወንበሩ ተነሳ። በሩን አየ፤ ረዳቷ ቆሞበታል።

«ብሬት የጥናቱን ውጤት እንሰርዝ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ቶሮንቶ የሚጠብቀኝ ሥራ እኮ በዚያ ውጤት ነው የተገኘው! ማሞቂያው አፍኖት መስኮቱን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ለመንኩት። ነገ ለዶክተር እናገራለሁ አለ። ከዚያ ገፋሁትና መስኮቱን ዘጋሁት። የሞላነው ሁሉ ውሸት ነው፣ ኬንድራ ልክ ናት ይለኝ ነበር።»

«ምን?» አለች ኬንድራ። «ምን አለ?»

ኮርቢን ሊያያት አልቻለም። ረዳቷ ካቴናውን ለእሱ አጠለቀለት።

ማርጎ ወንበር ስባ ኬንድራ አጠገብ ተቀመጠች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ አልተነሳችም።

«ልክ ናት ብሏል» አለቻት።