ሁለት ጠብታ ዘይት

የሰፈሩ ሰው «ምላጭ» ይላታል፤ ምላሷ የማይቆርጠው የለምና። ሞተር ሳይክል መጠገን ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ እያበላሸች፣ ራሷ እያቃናች ነው የለመደችው። እንዲህ ያለች ሴት በቁልፍ ቀዳዳ ዘይት እንደማይገባ አታውቅም ቢባል ማን ያምናል?

ታውቃለች። ዘይት ቁልፉን ለጥቂት ቀን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ይብስበታል። ይህን እያወቀች ነበር፣ አንድ መድኃኒት አመላላሽ ወጣት «የሞተሬ ቁልፍ አልዞር አለ» ብሎ በመጣ ቀን ሁለት ጠብታ ያደረገችበት።

ምን ታድርግ! ስቆ ነበራ። «እንደ በሬ ቀንድ ስትጠመዝዘው ነው የከረምከው?» ስትለው አልተቆጣም።

«አንቺ ጋ እንደሚያደርሰኝ ባውቅ ከዚህም አብልጬ እጠመዝዘው ነበር» አላት።

እጇ ለቁልፍ የሚበጀውን የእርሳስ ዱቄት ትቶ ወደ ዘይቱ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሲያወሩ ዋሉ፤ ሲሄድ ደግማ ሁለት ጠብታ።

ሦስተኛው ጊዜ ግን ሞተሩን እየገፋ መጣ።

«ምነው፣ መሸከም በተራ ሆነ እንዴ?» አለችው።

አልሳቀም። «እህቴን ፈተና ላደርሳት ነበር። ቁልፉ እምቢ አለ። በእግር ሮጠን ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ዓመት ሙሉ ያጠናችው እንግዲህ ለከርሞ ነው።» አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አያያዝ አላወቅኩበትም።»

በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር። ቀዳዳውን በቤንዚን አጠበች፤ በአየር ነፋች፤ የእርሳስ ዱቄት ነሰነሰችበት። ቁልፉ በሁለት ጣት ዞረ።

«እንዴ! ያኔስ ለምን እንዲህ አልሆነም?» አላት በየዋህነት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ፊቱን አየችው፤ ዝም ማለት አቃታት።

«ያኔ ዘይት ነው ያደረግኩበት። እንደሚያበላሸው አውቄ ነው።»

«አውቀሽ? ለምን?»

«እንድትመለስ።»

«ና ብትይኝ አልመጣም ነበር?»

«ለስድብ ሲሆን አፌ ወፍጮ ነው። ‹ና› ግን አንዲት ፊደል ሆና ሳለ አልወጣ አለችኝ።»

«የኔስ ይሁን» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «እሷን ግን ምን ልበላት?»

«አንተ ምንም አትላትም። እኔ ነኝ የምነግራት።»

በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ከኋላው ተቀመጠች። ልትይዘው ፈልጋ አፈረች፤ ኮርቻውን ጨብጣ ሄደች።

በሩን የከፈተችው ልጅ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች ወንድሟን።



«ፈተናሽን ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ከኋላዋ ገና ያልጠፋውን የሞተሩን ድምፅ አዳመጠች፤ ጥሏት የሚሄድ መስሏት።

ሞተሩን አጠፋው። እርምጃው መጥቶ ከጎኗ ቆመ።