የሼህ ኑርሁሴን የአፍ ልክ

ሼህ ኑርሁሴን መደባቸው ላይ በጀርባቸው እንደ ተንጋለሉ ቀርተዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንገታቸው ላይ ግን የእጅ ምልክት የለም። መቶ አለቃ ገበየሁ ተንበርክኮ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለ። ከከንፈራቸው ጥግ የተነሣ ቀላ ያለ ነገር በጉንጫቸው ፈስሶ ከጆሯቸው ሥር ደርቋል። በጥፍሩ ቢነካው እንደ ላስቲክ ተላጠ።

ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የአፍ ልክ የሚወሰድበት ሊጥ ነው። ኦጋዴን ላይ በሰደፍ ከተመታ ወዲህ የላይኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ምስጢሩን የምታውቀው ሚስቱ ሞታለች። ከማንም ጋር ማዕድ አይቀርብም።

ውጭ፣ የሼሁ ደረሳ ሱሌማን ከባሕር ዛፉ ሥር የፊጥኝ ታስሯል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቸኮል አጠገቡ ይንጎራደዳል።

«ምኑ ይመረመራል፣ መቶ አለቃ? የሼሁን የእርዳታ ስንዴ ከስልቻው አገኘን። ለስንዴ ብሎ መምህሩን አፈነ። የእህሉ መኪና ከቀትር በኋላ ወደ ደሴ ይመለሳል፤ ይጫንና እዚያ አብዮቱ ይፍረደው።»

«ስም ያወጣልህ ሰው ነቢይ ነበር፣ ቸኮል። ቆይ እስቲ።»

እንዲህ ተከሶ የተጫነ ሰው እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ።

ገበየሁ እስረኛው ፊት ቁጢጥ አለ። «ስንዴውን ሰረቅኸው?»

«ወላሂ እሳቸው ሰጡኝ። ከክረምት ወዲህ ድርሻቸውን የምበላው እኔ ነኝ። ‹ቁርኣን የሚቀራ ጥርስ ያለው አንተ አፍ ውስጥ ነው፤ ብላ› ይሉኛል።» ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «መምህሬን በልቼ ኖርሁ ብዬ ለሰው ልንገር?»

«ዛሬ ስትገባስ?»

«‹አሰላሙ ዐለይኩም› አልሁ፤ አልመለሱም። ተኝተዋል ብዬ ወጣሁ።»

ሬሳውን ያገኘችው ልጃቸው ዘሊካ ናት፤ ጧት ከምንጭ ስትመለስ።

«ጥርስ ሊያሠሩ ነበር መሰል፤ ምን ያደርግላቸዋል? የሚበላ የለ» አላት ገበየሁ።

«ለመብል መች ሆነና! ቁርኣን ሲቀሩ ሲኑም ፋውም በድዳቸው እያመለጠ አስቸገራቸው። ‹ሐርፉን፣ ፊደሉን ሳላቀና እንዳልሞት› ብለው የጥርስ ዶክተሩን እሺ አሉት።»

«ጤና ጣቢያው ድረስ ይሄዱ ነበር?»

«በምን ጉልበት? ተቀምጠው መስገድ እንኳ አቅቷቸው ተኝተው ነበር የሚሰግዱ።»

ዶክተር ንጉሡ በጤና ጣቢያው የኋላ ክፍል ብቻውን ተቀምጧል። ቡዳፔስት የሰው ሠራሽ ጥርስ ስፔሻሊስት ለመሆን ሲማር ቆይቶ፣ ከእርዳታ ሠራተኞች ጋር የተላከ ወጣት ነው። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩት ጥርሶች የሚያኝኩት አጥተው ያፈጣሉ።

«ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ሥራ ነው፤ ጥርስ የሌለውን አንድ አፍ ሙሉ በሙሉ መመለስ። መምህሮቼ እዚህ እንድሠራው ፈቀዱልኝ። እዚህ ግን ‹ዶክተር፣ ጥርሱን ተወውና እህሉን አምጣ› እያሉ ይስቁብኛል። እሺ ያሉኝ ሼሁ ብቻ ናቸው።»

«ልካቸውን መቼ ወሰዱ?»

«ዛሬ ጧት፣ ቤታቸው ሄጄ። ቀና ብለው ተቀምጠው፣ እየቀለዱ። ስወጣ ሱሌማን ሲገባ አየሁት።»

ጠረጴዛው ላይ በጀሶ የወጣ የላይኛ ድድና ላንቃ ቅርጽ አለ፤ ገና እርጥብ ነው። ገበየሁ አንሥቶ የኋላ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ በመሐረብ ጠቀለለው።

«አብረን እንሂድ፣ ዶክተር።»

ሁሉም ሼሁ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ገበየሁ ድምፁን ሳያነሣ ጀመረ።

«ተቀምጦ ልክ የሚሰጥ ሰው፣ ከአፉ የተረፈው ወደ አገጩ ይወርዳል። የሼሁ ወደ ጆሯቸው ነው የሄደው። ቀና ብለው አልተቀመጡም፤ አቅሙም አልነበራቸውም።»

«ተኝተውስ ቢሆን ምን አለበት?» አለ ቸኮል።

ገበየሁ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን አወጣና በመዳፉ ላይ አሳያቸው። ሳቅ ለመስማት የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ የሳቀ የለም። መልሶ አጠለቀው።

«ይህን ሲሠሩልኝ ወደ ፊት አስጎንብሰው ነው ያስቀመጡኝ፤ ሊጡ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ።» መሐረቡን ፈታ። «ሊጡ የደረሰበትን ሁሉ ጀሶው ይዞታል። ላንቃው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ይህ ግን ቁልቁል ይቀጥላል፤ ጉሮሯቸው ነው። ይህ ልክ ሲወሰድ መተንፈሻ አልነበራቸውም። ሱሌማን ሰላም ያለው ሬሳ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጣለውም?» አለ ቸኮል።

«እሱን እኔም አላወቅሁም» አለ ገበየሁ፣ ወደ ዶክተሩ ዞሮ።

ንጉሡ እጆቹን ያይ ነበር። «ሲንፈራገጡ ማቅለሽለሽ መሰለኝ። ሁሉንም ያቅለሸልሸዋል። ‹እስኪጠና አትልቀቅ› ብለው ነው ያስተማሩን። ያዝኋቸው።» ትንፋሹን ሳበ። «አውጥቼ ሳየው አንዲት አረፋ የለበትም። በትምህርቴ ሁሉ እንዲህ ያለ ልክ ወስጄ አላውቅም። መሞታቸውን እያወቅሁ፣ ሳላስበው እጄ ጀሶውን በጠበጠ።»

«ይህ ሰው ሲታሰርስ?»

«በመስኮት አየሁት። ዝም አልሁ።»

ቸኮል አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ፈታ። ዘሊካ ወደ ዶክተሩ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«አባባ ጠርተውኝ ነበር?»

«ሊጠሩሽ አይችሉም ነበር» አለ። «አፋቸው ሙሉ ነበር።»

በዚያ የረሃብ ዓመት፣ በዚያ ደጋ፣ ስለ ማንም እንዲህ ሲባል የሰማ የለም። ዘሊካ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሱሌማን ገመድ የበላውን የእጁን አንጓ እያሻሸ፣ ጀናዛውን ሊያጥብ ብቻውን ወደ ቤት ገባ።