እትዬ ልጠይቅ

«ተፈረደብን» አለች ቀጮ፣ ጓደኛዋን ከክፍል ስትወጣ ጠብቃ። «እማዬ በሌለችበት ተፈረደ። ቤቱን ልቀቁ ተባልን።»

ጓደኛዋ «ጠበቃዋ» ክው አለች። ጠበቃ የሚሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እናቷ ጠበቃ ቢሮ የሕግ ረዳት ስለሆነችና እሷም ምላሷ ስለማያርፍ ያወጡላት ስም ነው።

«በሌለችበት? ለምን አልሄደችም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ! ‹መጥሪያውን የተቀበለችው ጎረቤት ስለሆነች አይቆጠርም፣ አትሂዱ ብላለች እናቴ› አላልሽም?»

ጠበቃዋ ይህን ብላለች። እናቷ ግን አላለችም፤ ጭራሽ አልተጠየቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ከሥራ መልስ እያጠናች፣ ተፈትና የሙያ ምስክር ወረቀት አግኝታለች። ሰፈርተኛው ጠቡንም ክሱንም ይዞላት ይመጣል። እሷ ታዲያ ሁሉንም በጥሞና ትሰማና «ጠበቃውን ልጠይቅላችሁ» ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም። እየሳቁ «እትዬ ልጠይቅ» የሚል ስም አወጡላት። ልጅቷ በዚህ ታፍራለች። ያን ሁሉ ተምሮ መልስ ማጣት ምን ይሉታል? ስለዚህ እነ ቀጮን አከራያቸው የከሰሳቸው ጊዜ፣ ቀጮ «እናትሽን ጠይቂልን» ብትላት፣ ከአንድ ፊልም የለቀመችውን አፏን ሞልታ በእናቷ ስም ተናገረች። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

«እማዬ ተናዳለች» አለች ቀጮ። «እናትሽ ቢሮ ልትሄድ ነው።»

ጠበቃዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች፤ ቀጮም ተከተለቻት።

የቀጮ እናት ግማሹ ዕቃ በታሰረበት ሳሎን ውስጥ ጫማዋን ታጠልቃለች።

«መጣሽ?» አለች። «እናትሽን እኮ ያመንኳት የተመሰከረላት ናት ብዬ ነው! ተራ ሰው ቢለኝ መች እሰማ ነበር? ያንን ወረቀቷን ሳላስነጥቃት አልመለስም።»

ልጅቷ ወረቀቱ ሊነጠቅ እንደሚችል አስባው አታውቅም። እናቷ ለምን «ልጠይቅላችሁ» እንደምትል አሁን ገባት፤ የሕግ ምክር መስጠት የሚፈቀደው ለጠበቃው ብቻ ነው። ዝም ብትል የእናቷ ሥራ አበቃለት፤ ብትናገር ቀጮን ታጣለች።

«እናቴ አላለችም» አለች። «እኔ ነኝ። ከፊልም ነው ያገኘሁት።»

የቀጮ እናት አንድ እግሯን ብቻ እንደተጫማች ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ከፊልም?» አለች። «አሁንስ? ቤቱን የምናተርፍበት መንገድ አለ?»

መልሱ ልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይግባኝ የሚባል ነገር ሰምታለች፤ እሱም ከፊልም ነው። ዋጠችው።

«አላውቅም፣ እትዬ። እናቴ ጠበቃውን ትጠይቅልዎት። ያደረግኩትንም እኔው ነኝ የምነግራት።»

ቀጮ ፊቷን አዞረችባት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ጫማ ለእናትየው አቀበለችና በሩን ከፍታ ቀድማ ወጣች።