ቧንቧው የሳለበት ጠዋት

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው። የቦኖው ጠባቂ አስቴር ቧንቧውን ስትከፍተው እንደ አስም በሽተኛ ሳለ፤ አየር ተፋ፤ ከዚያ ድፍርስ ውሃ አመጣ። አቃቂ ሰፈር ውስጥ ይህ ቦኖ ከተከፈተ ገና ወሩ ነው፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ወዲያው ከላይ፣ ከፓምፑ ቤት በኩል ኡኡታ ተሰማ። ዘበኛው አያና በቫልቩ ጉድጓድ ውስጥ ፊቱን ውሃ ላይ ደፍቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ሰዓዳ ስትደርስ ታጁ በካቴና ታስሯል። ታጁ በአህያ ጋሪ ውሃ እያዞረ ይሸጥ ነበር፤ ቦኖው ገበያውን ዘጋበት።

«እሱ ነው የገፈተረው!» አለ ውሃ ሊቀዳ ተሰልፎ የነበረ አንድ ጎረምሳ። «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምተናል። ቃሊቲ ይግባ!»

«በአፍ ተጣልተናል፤ እጄን ግን አላነሳሁበትም» አለ ታጁ። «እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላል?»

ሰዓዳ ከጉድጓዱ የወጣውን የአያናን አስከሬን አገላብጣ ማጅራቱ ላይ ያለውን ቁስል አየች፤ ከዚያ ጉድጓዱ ላይ አጎነበሰች። ውሃው ደረት ይደርሳል። የአያና ሰሌን ተንሳፍፎበት ቀስ እያለ ይዞራል፣ ባለቤቱን የሚፈልግ ይመስል።

«ሰሌኑ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚያስቀምጠው» አለች አስቴር። «ደረቅ ነበራ! ‹ከእናንተ ቤት ይሻላል፣ አያፈስም› እያለ ይቀልድብን ነበር።»

የፓምፑ ሠራተኛ ሳህሌ ጥግ ይዞ ቆሟል። የፓምፑ ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌላ ቁልፍ የለም።

«ሌሊት ፓምፑ ቆሞ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ሲሠራ ነው ያደረው።»

ሰዓዳ ሁሉንም ቦኖው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ አስቴር፣ ቧንቧ የሚያስለው መቼ ነው?»

«ባዶውን ሲያድር ነዋ! ይሄን ማን ያጣዋል?»

«ዛሬ ሳለ። እንግዲያው ፓምፑ ቆሟል፤ የቧንቧውም ውሃ ተደፍቷል። የት? ሰሌን በሚቀመጥበት ደረቅ ጉድጓድ። ቫልቩን መፍቻ የያዘ ሁሉ ይከፍተዋል። ፓምፑን አቁሞ መልሶ ያስነሳው ግን ባለ ቁልፉ ነው። አያና ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ የሰመጠ እንዲመስል ውሃው በኋላ ተለቀቀበት።»

የሳህሌ እጅ ሳያውቀው ወደ አንገቱ ሄደ። ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሌሊት ውሃውን በስርቆት ወደ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ሳዞር አያና ደረሰብኝ» አለ በመጨረሻ። «ለቀበሌ እናገራለሁ አለኝ… አንዴ ነው የመታሁት።»

ካቴናው ከታጁ እጅ ወጥቶ ሳህሌ እጅ ገባ። ጎረምሳው ጀሪካኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከሰልፉ ፊት ቦታ ለቀቀ።

«ጋሼ ታጁ፣ ይቅዱ እንጂ። ቅድሚያ ለእርስዎ።»

ታጁ ካቴናው የላጠውን እጁን አሻሸ። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱን ፊት አየ። ከዚያ ባዶ ጀሪካኖቹን እንደጫነ አህያውን አዞረና ቁልቁል ሄደ።