በሜስትሬ ያልበራው ሻማ

እ.ኤ.አ. በ1983 ኖቬምበር 21 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሜስትሬ ከተማ ፒያቬ ጎዳና ባለችው ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ባለቤቲቱ ኦርኔላ፣ ጡረታ የወጣው የመርከብ በያጅ ቤፒ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ እንግዳ፣ እና ኒቬስ።

ኒቬስ እውነተኛ ስሟ አይደለም። በዚህ ስም ሁለት ዓመት ሙሉ የቬኒስ ሆቴሎችን አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራለች። ሮም ያለው የስለላ መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት «ሽመላ» ብሎ ነው።

እንግዳው አጠገቧ ተቀመጠ።

«አራት ቁጥር አውቶብስ ሆስፒታል ያደርሳል?»

«አያደርስም። ሰባትን ይጠብቁ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር።

እግሯ ሥር ባለው ዘንቢል ውስጥ ሁለት ወፋፍራም ሻማዎች ነበሩ። አንዱ ኦርኔላ «እኔ ቤቱን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ አንቺ አብሪልኝ» ብላ የሰጠቻት ነው። ሌላው የራሷ ነው። የራሷ ሻማ ውስጡ ተቦርቡሮ የታጠበ ፊልም ተቀብሮበታል። ፊልሙ በእህል ስም ወደብ የሚገባ የጦር መሣሪያ ያሳያል። ያነሳው የክሬን ሠራተኛው ሩጄሮ ነው። በአንደኛው ፎቶ ላይ የሩጄሮ የራሱ ፊት በክሬኑ መስኮት ላይ ተንጸባርቆ ይታያል። ፊልሙ በመሣሪያ ነጋዴዎቹ እጅ ከገባ ሩጄሮ ሳምንት አይሞላውም።

ኦርኔላ ብርጭቆ እያደረቀች በመስኮት ተመለከተች።

«ዳኛ ሊዲያ ከእናቷ ጋር አለፈች። ሻማዋ ክንዴን ያክላል። እንዲያው ምን ብትበድል ነው?»

«የምታበራው ለሌላው ኃጢአት ነው» አለ ቤፒ። «ያንቺንም ጨምሮ።»

«ላንተማ ያገሩ ንብ ሁሉ ቢሰለፍ ሰሙ አይበቃም።»

ቤፒ ሳቀና ወደ እንግዳው ዞረ። «አንተስ ወዳጄ፣ ሻማህን አበራህ?»

እንግዳው ፈገግ አለ። «ማን ሞቶ?»

ቤፒና ኦርኔላ ተያዩ።

በሜስትሬ ይህን ቀን የማያውቅ ሕፃን የለም። ድሮ ወረርሽኝ ለቆመበት መታሰቢያ፣ ከተማው ሥራ ፈቶ ድልድዩን ይሻገርና ቬኒስ ሄዶ ለእመቤታችን ሻማ ያበራል። እግዜር የለም የሚለው የወደብ ሠራተኛ እንኳ እየተነጫነጨ ሚስቱን ይከተላል። በየቤቱ የሚሸተው ወጥ አንድ ነው፤ በጥቅል ጎመን የተሠራ፣ ጭስ የጠገበ የበግ ሥጋ።

«እንግዳ ነህ መሰለኝ» አለች ኦርኔላ።

«ኧረ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ጎዳና ላይ ያደግሁ ነኝ።»

ዋሸ።

ጠዋት የኒቬስ አለቃ «አጎት» ከሮም ደውሎ «መልእክተኛው የፒያቬ ጎዳና ልጅ ነው፤ እመኚው» ብሏት ነበር። የይለፍ ቃሉንም የነገራት ያኔ ነው። እንግዳው ቃሉን ሊሰማ የሚችለው ከ«አጎት» ብቻ ነው።

ዓይኗን ወደ መስኮቱ ላከች። ማዶ ነጭ መኪና ቆሟል። መሪውን የያዘውን ሰው ታውቀዋለች። የሩጄሮ ፎቶ ላይ ሣጥኖቹን ሲቆጥር አይታዋለች።

«አጎት» ሸጧታል።

«ዕቃው?» አለ እንግዳው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሻማው ውስጥ ነው። እዚህ እንዳይከፍቱት።»

እጇን ዘንቢሉ ውስጥ ከተተች። የራሷን ሻማ ታቹ ላይ በመርፌ ጭራበታለች። ጣቷ ጭረቱን ፈለገ። አገኘው። አልፎ ሌላውን አወጣ።

የኦርኔላን ሻማ ሰጠችው።

ቤፒ እያያት ነበር።

«ደግ» አለ እንግዳው፤ ሻማውን ካፖርቱ ውስጥ እየሸጎጠ። «አሁን አብረን እንሄዳለን። አጎት ሊያይሽ ይፈልጋል። መኪና አለ።»

ኒቬስ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳበች።

ቤፒ ተነሣ። እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደና የያዘውን ወይን እንግዳው ደረት ላይ ደፋው።

«ውይ! ይቅር በለኝ ወንድሜ። እጄ ድሮ ብረት ይበይድ ነበር፤ ዛሬ ብርጭቆ አልችል አለ። ቆይ ልጥረግልህ።» ካፖርቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። «ልጄ፣ ከጓዳ ጨርቅ አምጪ። ቶሎ በይ!»

ኒቬስ ዘንቢሏን ይዛ ጓዳ ገባች። ወጡ ይንተከተካል። የኋላው በር አልተቆለፈም።

ግቢውን ተሻግራ ስትወጣ መንገዱ ሻማ በያዘ ሕዝብ ተሞልቷል። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ሕፃን ያቀፈው ሁሉ ወደ አውቶብስ ማቆሚያው ይጎርፋል። መሐል ገባች።

ዳኛ ሊዲያ ፋቫሬቶ እናቷን ደግፋ ሰልፍ ላይ ነበረች። የወደቡን ኮንትሮባንድ የምትመረምረው እሷ ናት። በገንዘብ አትገዛም ሲሏት ኒቬስ ደጋግማ ሰምታለች። ኒቬስ ተጠጋቻት።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህን ሻማ ይያዙልኝ።»

«ለማን ላብራልሽ?»

«አያብሩት። ቤትዎ ገብተው ይስበሩት። ለሮም ሰው አያሳዩ። አንደኛው ፎቶ ላይ በክሬኑ መስኮት ፊቱ የሚታየው ሰው ዛሬውኑ ከነቤተሰቡ ይደበቅ።»

ዳኛዋ ፊቷን አየቻት። ሻማውን ከራሷ ጋር አጣምራ ያዘች።

አራት ቁጥር አውቶብስ መጣ፤ ዳኛዋና እናቷ ተሳፈሩ። ኒቬስ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች።

ጥግ ላይ ግራጫው ካፖርት ታየ። ደረቱ በወይን ቀልቷል።

ብትሳፈር ተከትሏት ይሳፈራል። ሻማውም፣ ዳኛዋም፣ አሮጊቷም እጁ ይገባሉ።

እግሯን መለሰች።

እንዲያያት ቀና ብላ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጠች። አውቶብሱ ከኋላዋ በሩን ሲዘጋ ሰማች። የእንግዳውንም የጫማ ድምፅ ሰማች። ጣቢያው ሥር ባለው መሿለኪያ ከትሬቪዞ ባቡር የወረደው ምእመን ሻማውን ይዞ እንደ ጎርፍ መጣ። ጎርፉን ተቃርና እየተጋፋች ወደ ላይ ወጣች። ሊነሣ ባለ ባቡር ላይ ዘለለች። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀችው ከተነሣ በኋላ ነው።

ሩጄሮ በዚያው ዕለት ከሚስቱ ጋር ከከተማው ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ወደቡ ላይ አርባ ሣጥን መሣሪያ ተያዘ፤ የተያዙት ሰዎች ስለተናገሩ «አጎት»ም ሮም ታሰረ። ቤፒን የእንግዳው ሰዎች ኒቬስ ያን ዕለት ወዴት እንደሄደች ሲጠይቁት «ሻማ ልታበራ» ብቻ ስላለ ቀጠቀጡት፤ የቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ኦርኔላ ሻማዋ እንዳልበራ አልሰማችም። ኒቬስ የምትባል ሴት ከዚያ ወዲያ ፒያቬ ጎዳና ላይ አልታየችም። የእጥበት ቤቱ አለቃም በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ አንሶላ ተኳሽ ቀጠረ።