ሳውንድ ካርዱ በሙና እጅ ላይ ሳለ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ስሠራ፣ ሰው «በዓይኔ አየሁ» ባለኝ ቁጥር የት ቆመህ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር እያልኩ ስጠይቅ ነው የኖርኩት፣ አብዛኛው ወሬ ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ይፈርሳል፣ እመኑኝ። ይሄኛው ግን ራሴን ደጋግሜ ጠይቄው አልፈርስ ስላለኝ ነው የማወራችሁ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ በእርሻዎቹ ላይ የሚሠሩ የአገራችንን ሰዎች ድምፅ እየቀዳሁ፣ ድንበር ማዶ ላሉ ቤተሰቦቻቸው በሬዲዮ እንዲተላለፍ እልካለሁ። የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የመጣው መልኬ የሚባል የመተማ ሰው ነው፣ አርባን ያለፈ፣ ቁረይሻ እርሻ ላይ በትራክተር ማሽላ የሚዘራ። እናቱ በጠና ታማለች፣ በዚያ ላይ ልጅሽ ድንበሩ ላይ፣ ፋሽጋ ሞቷል የሚል ወሬ ደርሷታል፣ ወደ መተማ ስልክ ከተቋረጠ ደግሞ ሳምንት አልፎታል።

«ጋሼ፣ ሌላ አልልም፣ አለሁ የምትል ድምፄን ብቻ ያሰሙልኝ፣ ቀብራኝ እንዳትሞት» አለኝ።

በማታው ዝግጅት እንዲገባለት አስር ሰዓት ሳይሞላ መላክ ነበረብኝ። ማይክሮፎኑንና ማዳመጫውን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ ከሚያስገባው ትንሽ ሳጥን፣ ከሳውንድ ካርዱ፣ ካርዱን ከላፕቶፑ አገናኝቼ፣ መልኬ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሐቡብ መጣ፣ ያ ሰማዩን ቀይ አድርጎ የሚነሳው አቧራ። እዚህ አገር የኖረ ሰው አቧራ ሲያይ ሳያስብ ያገኘውን ሁሉ ይከድናል፣ ድስት ይሁን የውሃ ጆግ፣ እኔም ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። አቧራው አልፎ ስከፍተው ከእንቅልፉ ነቃ፣ ሳውንድ ካርዱ ግን የለም። ገመዱ እንደተሰካ ነው፣ የካርዱ መብራት ግን ጠፍቷል፣ የመቅጃው ፕሮግራም ማይክሮፎን አላገኘሁም ይላል። የላፕቶፑ የራሱ ማይክሮፎን ከሞተ ዓመት ሆኖታል፣ ስልኬ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት መፋዛ ላይ ራሃድ ወንዝ ውስጥ ገብቷል። የመልኬ ስልክ ቁልፍ የሚጫኑበት ዓይነት ነው።

ጎረቤቴን ሙናን ጠራኋት። ሙና ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የጎንደሬ ልጅ ናት፣ ስልክና ድምፅ ማጉያ ትጠግናለች፣ የራሷ ስልክ ግን መብራት ከጠፋ ወዲህ ባትሪው አልቆ ነበር፣ እኔ በሥራዬ ብዙ ጠንቃቃ ሰው አይቻለሁ፣ እንደሷ ያለ ግን አላየሁም። አንድ ነገር ከመንካቷ በፊት ምን እንደሚሆን የምትጠብቀውን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ነክታ ታያለች፣ ከተሳሳተች «ተሳሳትኩ» ትላለች፣ ሁለት ነገር ባንዴ አትነካም።

«ማነው ክዳኑን የዘጋው?»

«እኔ ነኝ፣ አቧራው መጥቶ።»

«ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ! አቧራ ሲመጣ መስኮት ነው የሚዘጋው።»

መልኬ ጣልቃ ገባ፣ «እኔማ ሲዘጉት ጊዜ ንግግሬን ጠልተውት መስሎኝ ልነሳ ነበር።»

«አጥፍተን እናብራዋ» አልኩ።

«መብራት የለም። ባትሪው ይህን አሮጌ ከጠፋ ያስነሳዋል?»

«አያስነሳውም።»

«ኸላስ፣ አለቀ፣ እንግዲያው ሳንገድለው እናክመዋለን።»

ማዳመጫውን ከካርዱ ነቅላ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው፣ ቀጥላ ካርዱን ከነማይክሮፎኑ ነቀለችው። «ስነቅለው ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ሠላሳ እቆጥርና በሌላኛው ቀዳዳ እሰካዋለሁ» አለች፣ ካርዱን መዳፏ ላይ ይዛ መቁጠር ጀመረች። መልኬ በሩ ላይ ቆሞ የሚናገረውን በከንፈሩ እየተለማመደ ነበር።

አሥራ ሁለት ላይ መቁጠር አቆመች። አረንጓዴው መለኪያ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ካርዱ እጇ ላይ፣ የማይክሮፎኑ ገመድ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ፣ ልብ በሉ።

«ተሳሳትኩ» አለች። ኢንተርኔቱን ራሷ አጠፋችው፣ ሌላ የሚጫወት ፋይል አለመኖሩን አየች፣ ያኔ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠችና ሰጠችኝ። መጀመሪያ ዶሮ ስታሽካካ ሰማሁ፣ ከዚያ ረጅም ሳል፣ ከዚያ የደከማት አሮጊት ድምፅ፣ «መልኬ፣ ጮክ በል እንጂ፣ አይሰማም።»

ሙናን አየኋት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ካርዱን ወርውሬ እወጣ ነበር፣ እሷ ግን ከአሥራ ሦስት ጀምራ ቀጠለች። ሠላሳ ሲሞላ በግራ በኩል ሰካችው፣ መብራቱ በራ፣ በማዳመጫው ውስጥ ያለው ድምፅ ተቆረጠ። «አሁን ላፕቶፑ ያውቀዋል፣ ፕሮግራሙ ግን ከእንቅልፍ በፊት የነበረውን ነው የሚፈልገው» ብላ ፕሮግራሙን ብቻ ዘግታ ከፈተችው፣ ካርዱን ከዝርዝሩ መረጠችለት፣ ላፕቶፑ የዩኤስቢውን ኃይል ለቁጠባ እንዳይቆርጥ ማስተካከያውን አጠፋች። ሁሉም እንዳለችው ሆነ።

«አያ መልኬ፣ ና» አለችው፣ «ጮክ ብለህ ተናገር፣ እሺ?»

ስለሰማነው አንዳችንም አልነገርነውም። መልኬ ተናገረ፣ ግን አነጋገሩ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው አልነበረም፣ ይናገርና ዝም ይላል፣ ከዚያ ይመልሳል። «አይ እማ፣ ውሸታቸውን ነው» አለ አንዴ፣ አንዴ ደግሞ ሳቀ። ማዳመጫው እኔ ጆሮ ላይ ነበር፣ በሱም ሆነ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። አስር ሰዓት ሊሞላ ሲል ኢንተርኔቱን መልሼ ከፍቼ ላክሁት፣ ማታም ተላለፈ።

ሙናን ወደ ሱቋ ስሸኛት «ያ የሰማነው ምንድነው?» አልኳት። ማብራሪያ ሞልቷታል ብዬ ነበር።

«አላውቅም» አለች። እንዲህ ጠርቶ የተነገረ «አላውቅም» በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንቴ እንደሰማሁ በጣቴ እቆጥረዋለሁ።

ሳምንት ካለፈ በኋላ የመልኬ ያጎት ልጅ ድንበር ተሻግሮ መጣ። እናትየው በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርፋለች። የሬዲዮው ዝግጅት ከመሸ በኋላ ነው። ያጎቱ ልጅ እንዳለው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ቀና ብላ «መልኬ አለ፣ አነጋገርኩት» አለች፣ ውሃ ለምና ጠጣች።

መልኬ ይህን ሊነግረኝ መጣ። ልቅሶ ላይ ከርሞ ዓይኑ አብጧል፣ ፊቱ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር።

«አውቄዋለሁ ጋሼ፣ እየመለሰችልኝ ነበርኮ» አለኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷስ እሷው ናት። ከኋላዋ ሆኖ ‹በቃ› ያላት ወንድ ግን ማነው? ቤት ውስጥ ወንድ አልነበረም ይላሉ።»

ሙናን ጠየቅኳት፣ እሷም እንደኔ የሰማችው ሴትዮዋን ብቻ ነው። ፋይሉን ከፍተን ሁለታችንም በየተራ አዳመጥነው። መልኬ ዝም ባለባቸው ቦታዎች ሁሉ ምንም አይሰማም፣ ስክሪኑ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳየው መስመርም ዝርግ ነው። መጨረሻ ላይ ግን፣ እሱ «ደህና ሁኚ እማ» ካለ በኋላ፣ መስመሩ አንዴ ብቻ ከፍ ይላል፣ ድምፅ የለውም። ሙና ለካችው፣ አንዲት አጭር ቃል ለማለት የሚበቃ ነው።