የጋሮምሳ ክምር

ሎሚ ልብሱን ከገመድ ላይ እያወረደች እንደገና ወደ ግራሮቹ ዞረች። ጭሱ አለ። ቀጭን ነው፣ ወንድሟ እንዳለው፤ ልብ ብሎ ላላየው ከአቧራው አይለይም። ቢሆንም ልቧ አላረፈም፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሥራ ጀምራ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች።

ጋሮምሳ ጠዋት ጫማውን እየወለወለ ነበር ያስረዳት።

«ጭሱ እንዲህ ቀጭን እስከሆነ ድረስ ሰላም ነው። ከወፈረ የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው፣ አፈር ትደፍኚበታለሽ። አለቀ! ይቺም ሥራ ሆና?»

«ነፋሱስ?»

«አቦ ሎሚዬ፣ አታካብጂ! ሜትሮሎጂ ዛሬ ዝናብ ይመጣል ብሏል። ዝናብ እየመጣ ምን እሳት አለ?»

ብሎ ወደ ሞጆ ሄደ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ዛሬ ነው። ከደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር በሚጭኑ መኪኖች ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ረዳትነት ግን አንገሽግሾታል። እሱ የሚፈልገው መሪውን ነው። ለማሠልጠኛው የሚከፍለው ሲያጥረው ነው ከግጦሹ ዳር ሁለት ግራር በድብቅ የቆረጠው። እንጨቱን ከመረ፣ ጭድ አለበሰው፣ በጭቃና በአፈር ደፈነው፣ ከውስጥ ለኮሰው። ከሰል እንዲህ ነው የሚከስለው፤ እሳቱ ሳይነድ፣ አየር እያነሰው፣ ቀስ እያለ። ትንሽ ቀዳዳ ካልተተወለት ይጠፋል፣ ብዙ አየር ካገኘ ደግሞ ይነድና አመድ ብቻ ይተርፋል።

ግራር መቁረጥ በመንደሩ ያስጠይቃል። በነፋስ ቀን እሳት መለኮስ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

መንደሩ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከነፋስ ተርባይኖቹ ሥር በተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹ ተርባይኖቹን «ማራገቢያ» ይሏቸዋል። በበጋ፣ ሳሩ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ ነፋስ ከተነሳ እሳት አይለኮስም። ወጡም እንጀራውም በማለዳ ይሠራል፣ ምድጃው ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ምሳ ቀዝቃዛ ይበላል። ይህን የሚቆጣጠሩት ኦቦ ሰንበታ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ዱላቸውን ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ መዳፋቸውን አመድ ላይ ያሳርፋሉ፣ ከሞቀ ይቆጣሉ። የመንደሩ ወጣቶች በሌሉበት «እሳት አደጋ» ይሏቸዋል፤ አረማመዳቸውን አስመስሎ በመሄድ ደግሞ ጋሮምሳን የሚያክል የለም። ሽማግሌው ቤታቸውና ጥጆቻቸው በእንዲህ ያለ ነፋስ የተቃጠሉባቸው ሰው መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ግን ሲሳቅ ይረሳል።

ዛሬም መጥተው ነበር። የሎሚ እናትና አባት አዳሚ ቱሉ ለለቅሶ ስለሄዱ ቤት ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምድጃችሁ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል፣ ኦቦ። ይግቡና ይዩት።»

ገብተው አመዱን ዳሰሱት። ሲወጡ አጠገቧ ቆም አሉ። «ቀሚስሽ ጭስ ጭስ ይላል።»

ሎሚ ጆሮዋ ጋለ። «ጠዋት ወጥ ስሠራ ነው።»

«ጎበዝ። እናትሽ ቤቱን ለማን ጥላ እንደሄደች ታውቃለች» አሉና ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ምስጋናቸው እንደ እሾህ ወጋት። የዋሸችው ለወንድሟ ብላ ነው፤ ጋሮምሳ ደግሞ ስንት ጊዜ ለእሷ ብሎ ዋሽቷል! ስልኳን ሰብራ ስትመጣ «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብሎ አባታቸውን የተጋፈጠው እሱ ነው። ይህን እያሰበች ልብሱን አጠፈች፣ ያጠፈችውን ዘርግታ እንደገና አጠፈች።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ድንገት ቆመ።

ሎሚ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች። ሲንኳኳ የነበረው የጣሪያው ቆርቆሮ ዝም አለ። ዶሮዎቹ ወደ ጥግ ተሰበሰቡ። ቀና ስትል በምዕራብ በኩል ሰማዩ ከታች ጀምሮ ቡናማ ሆኗል፤ ከላዩ ጥቁር ደመና አለ። ክንዷን ብርድ ብርድ አላት። ነፋስ ወደሚመጣበት ፊታቸውን የሚያዞሩትን ማራገቢያዎች አየቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ያዩ ነበር። አሁን ግን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ እያዞሩ ነው።

ያኔ ገባት። ጋሮምሳ ክምሩን ሲሠራ እየተኩራራ ያስረዳትን አስታወሰች። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን በምዕራብ በኩል፣ ከነፋሱ ተከልለው እንዲሆኑ ነው የተዋቸው። ብልጭታ ቢወጣ እንኳ በምዕራብ ወዳለው ድንጋያማ ኮረብታ ነበር የሚሄደው። ነፋሱ ከዞረ ግን በቀጥታ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሊገባ ነው። ብልጭታው ደግሞ ወደ ሳሩ፣ ከሳሩም ወደ መንደሩ ነው።

አካፋ በአንድ እጇ፣ ግማሽ ጀሪካን ውሃ በሌላው ይዛ ሮጠች።

ግራሮቹ ጋ ሳትደርስ ነፋሱ መታት። ቀዝቃዛ ነው፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ክምሩ ጋ ስትደርስ ጭሱ ቀጭን አልነበረም። እየተንቦለቦለ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀይ ነገር ይታያል፣ ነፋሱ በገፋ ቁጥር ይፈካል። አፈር ዛቀችና ደፈነች። ነፋሱ አፈሩን ጠራርጎ ወሰደው። እንደገና ደፈነች፣ እንደገና ወሰደው።

«እሺ፣ እሺ» እያለች ለራሷ፣ ጀሪካኑን አንስታ ውሃውን ደፋችበት።

ያን ባታደርግ ይሻል ነበር። የጋለው ጭቃ ውሃ ሲነካው ጧ ብሎ ተሰነጠቀና አንዱ ጎን ወደ ውስጥ ተናደ። በተናደው በኩል ነበልባል ወጣ። ሎሚ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ስልኳን አወጣች።

«ጋሮ! ተናደ! እየነደደ ነው!»

«ምን? ምን አደረግሽው? ስሚኝ፣ ስሚኝ... አፈር! አፈር ብቻ! ተራ እየጠበቅኩ እኮ ነው፤ እሺ፣ እመጣለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ! ሎሚ፣ ሰማሽኝ? ሽማግሌዎቹ ፊት ያቆሙኛል፣ አባዬም ከቤት ያስወጣኛል። እስክመጣ ያዢው!»

ስልኩ ተዘጋ። ያዢው! በምኗ ትያዘው? አካፋውን አንስታ አፈር እየዛቀች ወረወረች። ነበልባሉ ዝቅ አለ፣ ደግሞ በጎን በኩል ብቅ አለ። አንዲት ብልጭታ ከአጠገቧ በርራ ሳሩ ውስጥ ገባች። ሎሚ ሮጣ ረገጠቻት። ሌላ ወጣች፣ እሷንም ረገጠች። ሦስተኛዋን ስትረግጥ ሳሩ ጫማዋ ዙሪያ መንደድ ጀምሮ ነበር፤ በግራር ቅርንጫፍ እየደበደበች በመከራ አጠፋችው። እጇን እሾህ ቦጫጭሮታል፣ ትንፋሿ አልመለስ ብሏታል።

ቀና ብላ መንደሩን አየች። ጭሱ አሁን በቀጥታ ወደዚያ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት የኦቦ ሰንበታ ነው።

ፈራች። ወንድሟንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ እሳቱንም ፈራች። ምናልባት ብቻዋን ትይዘው ይሆናል፤ ይህን ለራሷ ነገረችው። ግን አራተኛዋ ብልጭታ ስትወጣ ወዴት እንደሄደች እንኳ አላየችም። በአቧራው ውስጥ ጠፋች። ያኔ ሎሚ አካፋውን ጣለችና ወደ መንደሩ ሮጠች።

ኦቦ ሰንበታ ሽታው ደርሷቸው ኖሮ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ እየቃኙ ነበር። ሎሚ እያለከለከች ፊታቸው ደረሰች።

«ቀስ። ተንፍሺ» አሏት።

«ክምር አለ። የከሰል። የኛ ነው፣ ኦቦ። የኛ ነው።»

አዩዋት። ቀሚሷን ያሸተቱበትን ጊዜ ሁለቱም አስታወሱት፤ ሎሚ ከፊታቸው ላይ አነበበችው።

«ሳሩን ይዞታል?» ብቻ አሉ።

«ረግጬ ነበር። አሁን አላውቅም።»

ሽማግሌው ዞሩና በዚያ ቀጭን ደረታቸው ይኖራል በማይባል ድምፅ ጮሁ። በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ጆንያ ውሃ ነክረው፣ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው፣ ልጆች ቅርንጫፍ እየጎተቱ ወጡ። የክፍሏ ልጅ ሀሴት እርጥብ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጥላ አጠገቧ እየሮጠች፣ «አንቺ፣ ለኔም አትነግሪኝም? ሼም ነው!» አለቻት። ሎሚ ሩጫዋን ጨመረች።

አራተኛዋ ብልጭታ ሳሩን ይዛ ነበር። የቤት ወለል የሚያህል ቦታ ጠቁሯል፣ ዳሩ ላይ ዝቅ ያለ እሳት ይሮጣል። በጆንያ ደበደቡት፣ በቅርንጫፍ ደበደቡት፤ ወንዶቹ ከፊቱ ሳሩን በዶማ ገፈፉበትና መሄጃ አጣ። ከዚያ በክምሩ ዙሪያ ያለውን ሳር ገፈፉት። ነፋሱ ግን አልበረደም፤ ክምሩም በተናደው ጎኑ ቀይ ሆኖ ይተነፍሳል።

አንድ ጎረምሳ ዶማውን አነሳ። ኦቦ ሰንበታ በዱላቸው አገዱት።

«ይህ የሰው ላብ ነው። በስርቆት ይሠራ፣ በሌላ፣ ላብ ነው። የሰውን ላብ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አናፈርስም።» ወደ ሎሚ ዞሩ። «ወንድምሽ የት ነው?»

«ሞጆ። እየመጣ ነው።»

«እንግዲህ አሁን ከቤታችሁ ያለሽው አንቺ ነሽ። አፈር አልብሰነው ልንጠብቀው እንችላለን፤ ነፋሱ ካረፈ ከሰሉ ይተርፋል፣ ካላረፈ ደግሞ እንደገና ይናዳል። ወይም አሁን እናፍርሰው። እንጨቱን በትነን እንቅበረው። ያኔ ከሰል የሚባል ነገር የለም።» ከአንዱ እጅ አካፋ ተቀብለው ሰጧት። «አንቺ ጀምሪ ካልሽ አንቺ ትጀምሪያለሽ። ጠብቁ ካልሽ እንጠብቃለን።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስልኳ ጮኸ።

«ሎሚዬ፣ ታክሲ ይዣለሁ!» ጋሮምሳ ያለከልካል። «ተራዬን ጥዬ ነው የወጣሁት፣ ፈተናውን ተውኩት፣ ገባሽ? ግማሽ ሰዓት ብቻ! አልነካሽውም አይደል? አለ? ክምሩ አለ?»

ሎሚ ክምሩን አየችው። የተናደው አንድ ጎኑ ነው፣ ሌላው እንዳለ ነው፤ ወንድሟ ስንት ቀን ጀርባው እስኪላጥ የተሸከመው እንጨት ውስጡ አለ። እንባዋ መጣ። ከኋላዋ ሴቶቹ እርጥብ ጆንያቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ከእነሱ ኋላ ቤቶቹ አሉ።

«አፈረስኩት፣ ጋሮ» አለችው።

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ኪሷ ከተተችና አካፋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ገና ሳይናድ የቀረውን ጎን ልታፈርስ ሄደች።